ዳታቤዝ ሲጫን የሚታለፉት መስመሮች

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚሄድ ሰው ጉርድ ሾላ አካባቢ ዛፍ የበዛበት ሰፊ ግቢ ያገኛል። ዛሬ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም፣ በአጭሩ ኢልሪ፣ ይባላል። በ1974 ሲቋቋም ግን ስሙ ኢልካ ነበር፤ ሥራውም የአፍሪካን እንስሳት ሀብት ማጥናት ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኢልካ በየአፍሪካ አገሩ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ተረስተው የቀሩ ሪፖርቶችን እየለቀመ በማይክሮፊሽ ያስቀር ነበር። ያን ሁሉ ሰነድ መዝግቦ መልሶ ለማግኘት የሚጠቀመው ማይኒሲስ በሚባል የዳታቤዝ ሶፍትዌር ነው። በ1980 በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የተቋቋመው የመረጃ ሥርዓት፣ ፓዲስም፣ ይህንኑ ማይኒሲስ ያዘ።

ማይኒሲስን የሠራው የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ሲሆን፣ የሚሠራውም ኤችፒ 3000 በሚባለው ሚኒኮምፒዩተር ላይ ነበር። መሣሪያው ሁለት ነጥብ ስክሪኑ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሥራ ለመጀመር “ሄሎ” ብሎ ስም መጻፍ፣ ለመውጣት “ባይ” ማለት ያስፈልጋል። ትእዛዙ አንዲት ፊደል ከሳተ ግን መልሱ “የማይታወቅ ትእዛዝ” የሚል አንድ መስመርና 975 የሚል ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ለማወቅ መጽሐፉን መግለጥ ነው፤ መጽሐፉ ሌላ ሰው ዘንድ ከሆነ ሥራው እዚያው ይቆማል። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቹ ከኮምፒዩተር ጋር የተነጋገሩት እንዲህ ባለ ቋንቋ ነው።

በ1985 ሁለት ነገሮች መጡ። አንደኛው አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዲቤዝ ሦስት ፕላስ ነው። እሱም ትእዛዝ የሚጻፍበት ቦታ ላይ የሚያሳየው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የተጻፈለት ትእዛዝ ሳይገባው ሲቀር “እርዳታ ይፈልጋሉ?” ብሎ አዎ ወይም አይ እስኪባል ይጠብቃል። በእኔ አስተያየት ይህ ጥያቄ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ስህተት የሠራው ሰው አሁንም ስክሪኑ ፊት እንደተቀመጠ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግም እንደጨነቀው ታስቦ የተጻፈ ነውና።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዩኔስኮ ያወጣው ማይክሮ ሲዲኤስ አይሲስ ነው። ቀድሞ በትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ይሠራ የነበረው ሶፍትዌር በአንድ ተራ ፒሲ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ እንደገና ተጻፈ፤ ጻፊው ጃምፓውሎ ዴል ቢጆ ነበር። በታዳጊ አገሮች ላሉ ቤተ መጻሕፍት ያለ ክፍያ ይታደል ስለነበር አዲስ አበባም ገባ፤ በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የመረጃ ጥናት ትምህርት ቤት ሲከፈትም ለመማሪያነት የተዘጋጀ ያህል ነበር። የዚህ ሶፍትዌር አሠራር ዛሬም ያስደንቀኛል። ማውጫዎቹና መልእክቶቹ በፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ አልተቀበሩም፤ ለየቋንቋው ለብቻ በተለዩ ፋይሎች ተቀምጠው ነበር፤ ተጠቃሚው ራሱ ከፍቶ ሊያርማቸው ይችላል። ከእንግሊዝኛው ጎን የፈረንሳይኛና የስፓኒሽ ፋይል ተቀመጠ። የአማርኛ ፋይል ለማስቀመጥም የፕሮግራሙ አሠራር አይከለክልም። የጎደለው ፊደሉ ነበር፤ የዚያን ጊዜ የዶስ ስክሪን ግዕዝ አያውቅም።

ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር ለማስገባት የተደረገው ትግል የራሱ ረጅም ታሪክ አለው፤ እዚህ በጥቂቱ ላንሳው። አሜሪካ ውስጥ ፍስሐ አጥላው በዳሸን ኢንጂነሪንግ፣ ዶክተር አበራ ሞላ በሞድኢት በ1980ዎቹ መንገዱን ጀመሩ። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ችግሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር መስጠቱ ነው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የላቲን ምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል። ለዳታቤዝ ይህ ከደብዳቤው የባሰ ነው፤ ዳታቤዙ የሚያየው ምልክቱን ብቻ ስለሆነ ስም በፊደል ተራ ልደርድር ቢል የሚደረድረው ሌላ ነገር ነው። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ ያዘጋጁት ሴራ የተባለው ሥርዓት ፊደሉን በላቲን ሆሄ ወክሎ በኢሜይልም በተርሚናልም ለማስተላለፍ ረዳ፤ ለጊዜው መሻገሪያ ሆነ። እውነተኛው መፍትሔ የመጣው በመስከረም 1999 ነው። ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ 345 የግዕዝ ምልክቶች እያንዳንዳቸው በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር አገኙ። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ይህቺን ሦስት ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ወደ ዛሬው ዳታቤዝ እንምጣ። ፖስትግረስ በ1986 በካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት የተጀመረ የምርምር ሥራ ነበር። በ1994 አንድሩ ዩና ጆሊ ቼን የተባሉ ሁለት ተማሪዎች የኤስኪውኤል ቋንቋ ጨመሩለት፤ በ1996 ፖስትግረስኪውኤል የሚለውን ስሙን ያዘ። ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ዳታቤዝ በመሆኑ ገንዘብ በሌለበት ሁሉ ተፈላጊ ሆነ። መልእክቶቹ ግን ለሠሩት ሰዎች እንጂ ለጫኚው የታሰቡ አልነበሩም።

ለውጡ በሁለት ዓመት ውስጥ መጣ። በየካቲት 2002 የወጣው 7.2 መልእክቶቹን በየቋንቋው ማሳየት ጀመረ፤ ሥራውን የመራው ፒተር አይዘንትራውት ነው። በቀጣዩ ዓመት በወጣው 7.4 ደግሞ ቶም ሌን የስህተት መልእክቶቹን አሠራር ከሥሩ አደሰ። እያንዳንዱ መልእክት ሦስት ክፍል ሊኖረው ቻለ። ዋናው መስመር አጭር ሆኖ የሆነውን ይናገራል፤ ሁለተኛው ዝርዝሩን ይጨምራል፤ ሦስተኛው፣ “ፍንጭ” የሚባለው፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይጠቁማል። እርግጠኛ የሆነው ነገር ከግምቱ እንዲለይ ሕግ ወጣለት። ፕሮግራመሮች ስለ ዐረፍተ ነገር አጻጻፍ ተቀምጠው ተከራክረው፣ የተስማሙበትንም ጽፈው በመመሪያቸው ውስጥ ማስቀመጣቸውን ሳስብ አከብራቸዋለሁ።

በዚያው በ2003 የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ለሊኑክስ ያዘጋጀው የአማርኛ ሎኬል፣ “ኤኤም-ኢቲ”፣ በእጅ ነበር። ሎኬል ለኮምፒዩተሩ የወራቱን ስም፣ የቀኑን አጻጻፍ፣ የገንዘቡን ምልክት የሚነግር ፋይል ነው። ዳታቤዙም ሲጫን የሚመለከተው ይህንኑ ነው።

ዳታቤዙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያሰናዳው ፕሮግራም ኢኒትዲቢ ይባላል። እስከዚያ ድረስ የሼል ስክሪፕት ነበር፤ አንድሩ ደንስታን በሲ ቋንቋ እንደገና ጽፎት በጥር 2005 ከ8.0 ጋር ወጣ፤ በዚያው ዊንዶውስ ላይም መሥራት ቻለ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የሚያወጣውን ቀስ ብሎ ላነበበው ሰው ብዙ ይናገራል። መጀመሪያ የፋይሎቹ ባለቤት ማን እንደሚሆን ያሳውቃል። ቀጥሎ “ዳታቤዙ የሚሰናዳው በዚህ ሎኬል ነው” ይላል፤ ቀጥሎ “ስለዚህ ኢንኮዲንጉ ይህ ሆኗል” ይላል፤ ኢንኮዲንግ ፊደሉ በባይት የሚጻፍበት መንገድ ነው። ከዚያ ፎልደር ሲፈጥር፣ ዳታውን ወደ ዲስክ ሲያሰፍር በየመስመሩ ጫፍ “ኦኬ” እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ “ተሳክቷል” ብሎ ሰርቨሩን ለማስነሳት የሚጻፈውን ትእዛዝ፣ ትክክለኛውን የፎልደር አድራሻ ሳይቀር አሟልቶ ያስቀምጣል። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ነው። በዋናው አስተዳዳሪ ስም ለማስኬድ ከተሞከረ ደግሞ እምቢ ይላል፤ እምቢ ብሎም አይቀር፣ ሥልጣን በሌለው ተጠቃሚ ስም ግቡ ብሎ መንገዱን ያሳያል። ፎልደሩ ባዶ ካልሆነም አንድም ነገር ሳይነካ ቆሞ፣ ወይ ፎልደሩን ባዶ ማድረግ ወይ ሌላ ቦታ መምረጥ እንደሚቻል ይናገራል። የማንንም ዳታ በስህተት አይደመስስም።

ከእነዚህ መስመሮች ውስጥ ለአማርኛ ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው፣ የኢንኮዲንጉ መስመር ነው። ሎኬሉ ሳይሞላ በተዘጋጀ ሰርቨር ላይ ኢኒትዲቢ ሎኬሉን “ሲ” ይለዋል፤ ኢንኮዲንጉም “ኤስኪውኤል-አስኪ” ሆኗል ብሎ ያሳውቃል። ውሸት አልተናገረም፤ የሚያስከትለውን ግን አልነገረም። ያ ኢንኮዲንግ ማለት ዳታቤዙ ፊደል መቁጠሩን ትቶ ባይት ይቆጥራል ማለት ነው። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ የገጠመኝ ይህ ነው። የስም ሳጥኑ 20 ፊደል እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል። “አበበ” ገባ፤ “ትዕግሥት” ገባ። ጸሐፊዋ “ገብረመድኅን” ብላ ስትጽፍ ዳታቤዙ “ለ20 በጣም ረዝሟል” ብሎ መለሰላት። ሰባት ፊደል ነው። ሰባት ጊዜ ሦስት ግን 21 ነው። ጸሐፊዋ ኪቦርዱን ጠረጠረች፤ ፕሮግራመሩ የራሱን ኮድ ጠረጠረ። ጥፋቱ ሰርቨሩ ሲጫን ማንም ያላነበባት አንዲት መስመር ላይ ነበር። የዳታቤዝ ኢንኮዲንግ ደግሞ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም፤ ዳታውን በሙሉ አውጥቶ፣ አዲስ ዳታቤዝ ፈጥሮ መልሶ ማስገባት ነው።

ሰው ለምን አያነብም የሚል ወቀሳ እሰማለሁ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ዳታቤዙን የሚያሰናዳው ጥቅሉ ራሱ ነው፤ መልእክቶቹ በሌሎች መቶ መስመሮች መካከል ሽው ብለው ያልፋሉ። ሬድሃት ላይ ወደ ሎግ (መዝገብ) ፋይል ይገባሉ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሎኬል የሚለው ሳጥን “ነባሪው” ተብሎ ተሞልቶ ይቀርባል፤ ሁሉም “ቀጥል” የሚለውን ይጫናል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ላይ ወቀሳው ሰውየው ላይ ሊወድቅ አይገባም። የማይመለስ ውሳኔ የሚናገር መስመር “ኦኬ” ከሚሉት ጋር እኩል ድምፅ ሊኖረው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

በየካቲት 2008 በወጣው 8.3 ላይ የጽሑፍ ፍለጋ የዳታቤዙ አካል ሆነ፤ ለአማርኛም ሁለተኛዋ መስመር ተወለደች። የአማርኛውን ሎኬል መርጦ ኢኒትዲቢን ያስነሳ ሰው “ለኤኤም-ኢቲ ተስማሚ የጽሑፍ ፍለጋ ቅንብር ማግኘት አልተቻለም” የሚል ያነባል፤ ተከትሎም ነባሪው “ሲምፕል” እንደሚሆን ይነገረዋል። ይህ እውነተኛ መልእክት ነው፤ ጉድለቱን አይደብቅም። “ሲምፕል” ቃሉን እንዳለ ይወስዳል። “ቤት” ብሎ የሚፈልግ ሰው “ቤት” የሚለውን ብቻ ያገኛል፤ “ቤቱ”፣ “ከቤት”፣ “ቤቶቻችን” የተጻፈባቸው ሰነዶች አይመጡለትም። “ሐኪም” ብሎ የጻፈ “ሀኪም” የተባለውን አያገኝም። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ ያኔም አለመጥፋቱ ነው። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የአማርኛን ቃል ከቅጥያው ለይቶ ወደ ሥሩ የሚመልስ ዘዴ በ2002 አሳትመው ነበር። ጥናቱና ሶፍትዌሩ አልተገናኙም።

በቀጣዩ ዓመት፣ በየካቲት 14 ቀን 2009፣ አንድ መልካም ነገር ሆነ። ዴቢያን 5.0 ሲወጣ መጫኛው በአማርኛ መናገር ጀመረ፤ ቋንቋ ምረጡ ሲባል “አማርኛ” የሚለው ከሌሎቹ ጎን ተሰለፈ። ዲስኩን ከመክፈል አንስቶ ሰዓቱን እስከ ማስተካከል ያለው ጥያቄ በፊደላችን ቀረበ። ይህን የሠሩት ደመወዝ ያልተከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ገደብም ነበረው፤ አማርኛው የሚታየው በግራፊክ መጫኛው ብቻ ሲሆን፣ ጥቁሩ የጽሑፍ ስክሪን አሁንም ግዕዝን አልቻለም። ሰርቨር የሚጭኑት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት በዚያ ጥቁር ስክሪን ላይ ነው።

መገናኛ በእነዚያ ዓመታት ተለወጠ። የቀለበት መንገዱ ያለፈበት አደባባይ በ2015 መጨረሻ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውን ባቡር ተቀበለ፤ በዙሪያው የተነሡት ሕንፃዎች ፎቅ በፎቅ የኮምፒዩተር መሸጫ፣ የጥገና ሱቅ፣ የማሠልጠኛ ክፍልና የሶፍትዌር ቢሮ ሆኑ። ከኮተቤ፣ ከካራ፣ ከፈረንሳይ፣ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ለውጦ የሚመጣ ወጣት በዚያ አካባቢ ዳታቤዝ መጫን ይማራል። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያደናቅፈው “ለተጠቃሚ ፖስትግረስ የፒር ማረጋገጫ አልተሳካም” የሚለው መልእክት ነው። ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ በሩን ለሚያንኳኳ እንግዳ ሰው ስለ ቁልፉ ብዙ መናገር ለሌባም ስለሚጠቅም ዝርዝሩ ለአስተዳዳሪው በሎግ ፋይል ይቀመጣል። ተማሪው ግን አስተዳዳሪውም ባዕዱም ራሱ ነው፤ ሎጉ የት እንዳለ አላወቀም። አስተማሪ ያለው ይሻገራል።

ሌላው መልእክት ግን ያጽናናል። ሕንፃው ላይ መብራት ጠፍቶ፣ ዩፒኤሱ ጥቂት ጮሆ ዝም ብሎ፣ መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ይነሣል። ሎጉ ውስጥ “ዳታቤዙ በሥርዓት አልተዘጋም፤ ራሱን መልሶ እያስተካከለ ነው” የሚል ይወጣል። ከጥቂት ሰከንድ በኋላ “ግንኙነት ለመቀበል ዝግጁ ነው” ይላል። ከ2001 ጀምሮ ፖስትግረስ እያንዳንዱን ለውጥ ከመፈጸሙ በፊት በማስታወሻ ስለሚጽፍ ከማስታወሻው አንብቦ ካቆመበት ይቀጥላል። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ የቀኑን ሥራ በሙሉ ያጣ መስሎት ለደነገጠ ባለሙያ እነዚህ ሁለት መስመሮች ትልቅ እፎይታ ናቸው። የሆነውን፣ እየሆነ ያለውን፣ ያበቃበትንም በቅደም ተከተል ይነግሩታል።

ከ2017 ወዲህ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት በዲኤችአይኤስ-2 ወደ መሰብሰብ ገባ። በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ይህ ሶፍትዌር የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ያውቃል፤ ዳታውን የሚያስቀምጠውም በፖስትግረስ ላይ ነው። በመጋቢት 2020 የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ሲገኝ ለሕክምናው የተመደበው የካ ኮተቤ ሆስፒታል ነበር፤ ከመገናኛ በኮተቤ መንገድ ሩቅ አይደለም። የታማሚዎችን ቁጥር መከታተል ሲያስፈልግ ዳታቤዝ የባለሙያ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑ ግልጽ ሆነ። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳ የተሠራበት ሞሲፕ የተባለው መድረክም የሚቆመው በፖስትግረስ ላይ ነው። የሚሊዮኖች ስም በፊደል ተጽፎ የሚቀመጥበት ዳታቤዝ ሲሰናዳ የኢንኮዲንጉ መስመር ምን እንደሚል ማንበብ የሕዝብ ጉዳይ ነው።

በእነዚሁ ዓመታት ሌሎች ቋንቋዎች እየተራመዱ ነበር። በ2019 የወጣው ፖስትግረስ 12 ለአረብኛ፣ ለኢንዶኔዥያኛ፣ ለአይሪሽ፣ ለሊቱዌንያኛ፣ ለኔፓልኛና ለታሚል የጽሑፍ ፍለጋ ቅንብር ጨመረ። በ2021 የወጣው 14 አርመንኛን፣ ባስክን፣ ካታላንን፣ ሂንዲን፣ ሰርብኛንና ይዲሽን አስገባ። በ2022 የጆርጂያ ሰዎች መልእክቶቹን በራሳቸው ፊደል ተርጉመው አስገቡ፤ ጆርጂያ የሕዝቧ ቁጥር ከአዲስ አበባ ብዙም አይርቅም። የአማርኛ የትርጉም ፋይል ግን እስካሁን የለም፤ የአማርኛ የፍለጋ ቅንብርም የለም። ኤኤም-ኢቲን የመረጠ ሰው በ2008 ያነበበውን መስመር ዛሬም ያነባል።

መልእክቱን ወደ አማርኛ ማምጣት የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። የፋይሉና የፎልደሩ ስም በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ቦታ እንዲለዋወጥ መሣሪያው ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ግሳችን መጨረሻ ላይ መምጣቱ አያስቸግርም። ተጠቃሚው ወንድ ይሁን ሴት ስለማይታወቅ “ይጻፉ”፣ “ያስነሡ” ብሎ በአክብሮት መናገር ይበቃል። “ሰርቨሩን ለማስነሣት የሚከተለውን ይጻፉ” የሚለውን ማንም ይረዳዋል።

ፍለጋውን በተመለከተ ሁሉም እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ከፖስትግረስ ጋር የሚመጣ “አንአክሰንት” የሚባል ተጨማሪ ክፍል አለ። የሚሠራው አንድን ምልክት በሌላ እንዲተካ በሚነግረው ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በየመስመሩ ግራ ያለው በቀኝ ባለው ይተካል። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነሰባት ሰባት ድምፃቸው ለማምጣት ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 35 መስመር ይበቃል። ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 ተጽፎ የፍለጋ መዝገበ ቃላቱ በሚቀመጥበት ፎልደር ይገባል፤ ከዚያ “ሲምፕል” ተቀድቶ፣ “አማርኛ” የሚል ስም ተሰጥቶት፣ ከፊቱ ይህ ማጣሪያ ይቀመጥለታል። ይህ ሁሉ “ቴምፕሌት-1” በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ከተሠራ ከዚያ በኋላ በዚያ ሰርቨር ላይ የሚፈጠር አዲስ ዳታቤዝ፣ ሌላ ቴምፕሌት ካልተመረጠለት በቀር፣ ይወርሰዋል። “ሐኪም” ብሎ የፈለገ “ሀኪም”ንም ያገኛል። “ሐኪሞች” ግን ገና ይቀራል፤ ለእሱ የነጋ ዓለማየሁ ዓይነት ሥራ በኮድ ተጽፎ መግባት አለበት።